ባለቤት ያጣ ክኒን

ሜትፎርሚን የስኳር ክኒን መሆኑን በቤቱ የስኳር ታማሚ ያለበት ሁሉ ያውቃል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ስሙ ከኢንዶሜትሪዮሲስ፣ ይልቁንም ከወጣት ሴቶች ሕመም ጋር አብሮ ይነሣል። “ይሠራል” የሚል አለ፤ “ቆይ፣ ገና ነው” የሚልም አለ። ለጊዜው ማስረጃው ከሁለተኛው ጋር ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ በገበያ ላይ የኖረ ክኒን በዚህ ጉዳይ ለምን “ገና” እንደሆነ ግን ብዙም ሲጠየቅ አይሰማም።

ተስፋው ከሜዳ የተነሣ አይደለም። በኢንዶሜትሪዮሲስ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሕዋስ ከማህፀን ውጪ፣ በኦቫሪ፣ በአንጀት፣ በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ይበቅላል፤ ኢስትሮጅን ያፋፋዋል፣ ዙሪያውም ይቆጣል። ሜትፎርሚን በቤተ ሙከራ ይህን መቆጣት ሲያበርድ፣ በበሽታው ሕዋስ ውስጥም የኢስትሮጅንን ምርት ሲቀንስ ታይቷል። ግብፃውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ክኒኑን የወሰዱ ሴቶች ሕመማቸው ቀለል እንዳለላቸው ጽፈዋል። ታካሚዎቹ ግን ጥቂት ደርዘኖች ብቻ ነበሩ።

ለወጣቶች የታሰበበትም ምክንያት አለው። ከማስታገሻና ከቀዶ ሕክምና በቀር አሁን ያሉት ሕክምናዎች ሁሉም ማለት ይቻላል ሆርሞንን ይነካሉ። የወሊድ መከላከያ ክኒን ለብዙዎች ይበቃል። ላልበቃት የሚታዘዙት ጠንከር ያሉት መድኃኒቶች ግን ኢስትሮጅንን ስለሚያወርዱ አጥንት ያሳሳሉ፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አጥንት ደግሞ ገና እየጠነከረ ነው። ሆርሞን ያልሆነው ሜትፎርሚን የታሰበላትም ለዚህ ነው። እሱ እስኪረጋገጥ እናት ሙቅ ውኃ የሞላ ጠርሙስ ሆዷ ላይ እያደረገችላት “አይዞሽ ልጄ፣ ስትወልጂ ይተውሻል” ትላታለች። እሷም ከእናቷ የሰማችው ነው። በሽታው ግን በመውለድ የሚድን አይደለም፤ ጭራሽ መውለዱንም ሊያከብደው ይችላል።

የሜትፎርሚን ሙከራ የመዘግየቱ ነገር ሲነሣ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ የሴት ሕመም ይናቃል። ይናቃል፣ አልክድም። ግን ያ ብቻ ቢሆን ኤላጎሊክስ የተባለው የኢንዶሜትሪዮሲስ መድኃኒት እንዴት ተሞከረ? እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤታቸው የታተመው ሁለት ሙከራዎቹ ወደ 1,700 የሚጠጉ ሴቶችን አሳትፈዋል፤ ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ ግን አልገባችባቸውም። ወጪውን የቻለው አምራቹ አብቪ ነው። መድኃኒቱ በ2018 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ በወር 845 ዶላር ገደማ ዋጋ ወጣለት። ሜትፎርሚን በፈረንሳይ ለሕክምና የዋለው በ1957 ነው። ፓተንት የለውም፣ ብዙ ፋብሪካዎች ያመርቱታል፣ በዚያው በአሜሪካ የአንድ ወሩ በጥቂት ዶላር ይገዛል። ለኢንዶሜትሪዮሲስ እንደሚሆን ለማስመስከር ሚሊዮኖች ያፈሰሰ ኩባንያ ገበያውን የሚበላበት ምንም ያላወጣ ተፎካካሪው ነው። ታዲያ ማን ያፈሳል? ሥራው በመንግሥትና በበጎ አድራጎት ድጎማ፣ በተመራማሪ ሐኪሞች ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ሙከራውም በዚያው ልክ ያንሳል። ዋናው ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ትንሽ ሙከራ ደግሞ እዚህ በሽታ ላይ ከሌላው ይከፋል። ሕመም በደም ምርመራ አይለካም፤ ታካሚዋ በየማታው በመዝገቧ ላይ የምታሰፍረው ቁጥር ነው። በኤላጎሊክስ ሙከራ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከወሰዱት ሴቶች መካከል እንኳ ከሦስት አንዷ በላይ ከወር አበባ ውጪ የሚሰማት ሕመም ቀሎላታል። በሠላሳና በአርባ ሴት ይህን ከእውነተኛው ለውጥ መለየት ጭንቅ ነው። ሜትፎርሚን ሌላም ጣጣ አለበት፤ ሲጀመር ሆድ ያውካል፣ ተቅማጥ ያመጣል። ሆዷ የተረበሸባት ሴት “የደረሰኝ እውነተኛው ነው” ብላ ትገምታለች፤ ግምቷም ማታ በምትጽፈው ቁጥር ውስጥ ይገባል። ውጤቱ ደካማ ቢሆንስ? ሙከራው አነሰ ከማለት ይልቅ ክኒኑ አይረባም ይባልና ፋይሉ ይዘጋል። ሁለተኛ የሚከፍተው ባለቤት የለውም።

እኔን ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ወሬው ከውጤቱ መቅደሙ ነው። ክኒኑን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በስንቱ ቤት የአባት መድኃኒት ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች እምብዛም ስለማያወርድ ያደፋፍራል። ሆኖም ኩላሊቱ ክፉኛ ለተጎዳ ሰው አደገኛ ነው፤ ለዓመታት ሲወሰድም ቫይታሚን ቢ12ን ያጎድላል። በሆርሞን ክኒን ሕመሟን የያዘች ወጣት “ይሄኛው ሆርሞን የለበትም” ብላ ስትቀይር ደግሞ የሚመጣው ሌላ ነው። ሜትፎርሚን እርግዝናን አይከላከልም፤ እንዲያውም ፒሲኦኤስ የሚባለው የሆርሞን መዛባት ኖሮባቸው እንቁላል ለማይለቅላቸው ሴቶች እንዲለቅላቸው ተብሎ ይታዘዛል። ሕመሟ መቅለሉ ገና አልተረጋገጠም፤ ማርገዝ ግን ትችላለች።