የኮምፒዩተር ማስታወሻ ደብተር ሲመርጡ መውጫውን አስቀድመው ይዩ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። በሰው አገር ሲኖሩ ደግሞ ያልተጻፈ ነገር መረሳቱ ብቻ ሳይሆን ዋጋም ያስከፍላል። ስለዚህ በዛሬው አምዳችን በአሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን በቤትም ሆነ በሱቅ ኮምፒዩተራቸው ላይ ማስታወሻ የሚይዙበትን ፕሮግራም እንዴት ሊመርጡ እንደሚገባ እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ምን እንደሚጻፍ እንይ። ግሪን ካርድ ይዞ 5 ዓመት የኖረና ለዜግነት የሚያመለክት ሰው በኤን-400 ቅጽ ላይ ባለፉት 5 ዓመታት ከአሜሪካ ውጭ 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ የቆየባቸውን ጉዞዎች የወጣበትንና የተመለሰበትን ቀን እየጠቀሰ መዘርዘር አለበት። የኖረባቸውን አድራሻዎችና የሠራባቸውን ቦታዎችም ይጠየቃል። ከ5ቱ ዓመታት ቢያንስ 30 ወር በአካል አሜሪካ መገኘት ያስፈልጋል። ከ6 ወር በላይ የፈጀ ጉዞም ማብራሪያ ያስጠይቃል። ለለቅሶ ወይም ለሰርግ አገር ቤት ደርሶ የተመለሱበትን ዕለት ከ4 ዓመት በኋላ በትክክል ማስታወስ ለማንም ያዳግታል።

ነጋዴውም እንደዚሁ ነው። በራሱ መኪና ለሥራ የሚንቀሳቀስ ሰው ቀኑን፣ የሄደበትን ቦታ፣ የሄደበትን ምክንያትና የማይሉን ብዛት በወቅቱ መመዝገብ ይጠበቅበታል። ከቤት ወደ ሱቅ መመላለስ አይቆጠርም። ዕቃ ለማምጣት በቀን 20 ማይል፣ በዓመት 250 ቀን የሚነዳ ሰው 5,000 ማይል ይሆንለታል። በ2025 የአይ.አር.ኤስ. ተመን በማይል 70 ሳንቲም ስለነበር፣ ይህ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢ 3,500 ዶላር ያስቀንሳል። መዝገብ የሌለው ሰው ግን ጥያቄ ሲመጣበት ይህን ማስረዳት ይቸግረዋል።

እንግዲህ እነዚህ ማስታወሻዎች ለዓመታት መቆየት ያለባቸው ናቸው። ስለሆነም ፕሮግራሙ ምን ያህል ያምራል ከማለት በፊት «የጻፍኩትን ይዤ መውጣት እችላለሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። በ1990ዎቹ በአማርኛ ኮምፒዩተር ላይ የጻፉ አንባቢዎቻችን ይህን በሚገባ ያውቁታል። ያን ጊዜ የየፕሮግራሙ አዘጋጅ ፊደላችንን በየራሱ ኮድ ያስቀምጥ ስለነበር፣ ብዙዎቹ ፋይሎች ዛሬ ሲከፈቱ የማይነበብ ምልክት ይሆናሉ። ግዕዝ ወደ ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መዝገብ የገባው በ1999 ነው።

ችግሩ ግን የአማርኛ ብቻ አይደለም። ኤቨርኖት በ2023 መጨረሻ ገንዘብ የማይከፍሉ ተጠቃሚዎቹን በ50 ማስታወሻና በአንድ ደብተር ወስኗቸዋል። ማይክሮሶፍትም «ዋን ኖት ለዊንዶውስ 10» ለተባለው ፕሮግራም የሚሰጠውን ድጋፍ በጥቅምት ወር 2025 አቁሟል። ተጠቃሚዎቹ ወደ ሌላኛው ዋን ኖት መዛወር ነበረባቸው።

ከሚታወቁት ውስጥ ዋን ኖት ሥዕል፣ ደረሰኝና ጽሑፍ በአንድ ገጽ ላይ ለማስቀመጥ ይመቻል። ነፃው ዋን ኖት ግን ማስታወሻውን የሚያስቀምጠው በኢንተርኔት በኩል በማይክሮሶፍት ዘንድ ነው። ኦብሲዲያን በራስዎ ኮምፒዩተር ላይ ተራ የጽሑፍ ፋይል አድርጎ ስለሚያስቀምጥ፣ ፕሮግራሙ ቢጠፋ እንኳ ጽሑፉ በሌላ ይከፈታል። ጆፕሊንም በነፃ የሚገኝ ሲሆን ማስታወሻውን በተራ ፋይል መልክ ማውጣት ያስችላል። ፋይሉ በእጅዎ ሲሆን ግን ጥበቃውም የእርስዎ ነው። ኮምፒዩተሩ ቢሰበር አብሮ እንዳይጠፋ ቅጂውን በየሳምንቱ ሌላ ቦታ ያስቀምጡ።

ማንኛውንም ፕሮግራም ከመልመድዎ በፊት በአማርኛ ይፈትኑት። «ፀሐይ» ብለው ጽፈው «ጸሀይ» ብለው ቢፈልጉ አብዛኛውን ጊዜ አያገኙትም፤ ለኮምፒዩተሩ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸውና። ስለዚህ የደንበኛንም ሆነ የዘመድን ስም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፉ፤ በፓስፖርት ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ አጻጻፍም ይጨምሩበት። ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ዓመቱን አስቀድመው «2025-03-14» እያሉ ቢጽፉ ማስታወሻዎቹ በራሳቸው ተራ ይሰለፋሉ። የአገራችንን አቆጣጠር ከቀላቀሉበት ግን የ7 ወይም የ8 ዓመት ስህተት ማመልከቻዎ ላይ ሊገባ ይችላል። የሶሻል ሴኩሪቲና የባንክ ቁጥር ደግሞ በተራ ማስታወሻ ውስጥ ባይጻፍ ይመረጣል።

ምርጫው ከከበደዎት እንዲህ ያድርጉ። በመረጡት ፕሮግራም 10 ማስታወሻ በአማርኛ ይጻፉ፤ ከዚያ ከፕሮግራሙ አውጥተው በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ይክፈቷቸው። ፊደሉ ሳይበላሽ ከተነበበ ይቀጥሉበት፤ ካልተነበበ ሌላ ይፈልጉ። ሥራውንም ከፓስፖርትዎ ይጀምሩ። ማኅተሞቹን እያዩ ያለፉትን ጉዞዎች ቀን ዛሬውኑ ይመዝግቡ። ማኅተም የሌለበትን ጉዞ ደግሞ የአውሮፕላን ቲኬቱ ከኢሜይልዎ ሳይጠፋ አሁኑኑ ይፈልጉት።