ጡንቻ ብቻውን የማያሻግረው ጋራ

ደቡብ ዌልስ የሚገኘው ፔን-ኢ-ቫን ከፍታው 886 ሜትር ብቻ ነው። የደጋ ሰው ከጋራ አይቆጥረውም። ኤስኤኤስ የተባለውን የብሪታንያ ልዩ ጦር ለመቀላቀል የሚመኙ አብዛኞቹ ወታደሮች ግን ተስፋ የሚቆርጡት በዚህ ጋራና በዙሪያው ባሉት የብሬከን ቢከንስ ሸንተረሮች ላይ ነው።

ጦሩን ዴቪድ ስተርሊንግ በ1941 እ.ኤ.አ. በሰሜን አፍሪካ መሠረተው። የዛሬው መደበኛ ክፍል የመጣው ደግሞ ማይክ ካልቨርት በ1950 ለማላያ ጫካ ውጊያ ካሰባሰበው ኃይል ነው። ካልቨርት በበርማ የተዋጋው በኦርድ ዊንጌት ሥር ነበር፤ ከጎጃም አርበኞች ጋር ጣሊያንን በወጋው፣ አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት በስሙ በተሰየመለት በዚያው ዊንጌት። በማላያ በጥድፊያ የተሰበሰበው ሰው ብቃቱ ወጣ ገባ ስለነበር፣ ጆን ውድሃውስ በ1952 ወደ አገሩ ተመልሶ የመምረጫውን ፈተና አደራጀ።

ብዙ ወጣቶች ለእንዲህ ያለ ፈተና መዘጋጀት ማለት ብረት ማንሳት ይመስላቸዋል። ትልቁ ስህተት ይህ ነው። እርግጥ ጉልበት ያስፈልጋል፦ የመጨረሻው ጉዞ 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሸክሙም ስንቅ፣ ውሃና ጠብመንጃ ሳይቆጠር 25 ኪሎ ግድም ይመዝናል። ነገር ግን እጩው የሚጓዘው ብቻውን ነው። አይዞህ የሚለው፣ የሚጮህበትም የለም። አሰልጣኙ ቀጣዩን ነጥብ ነግሮ ይሸኘዋል።

እዚህ ላይ ነው ካርታ የሚፈርደው። ያለህበትን አሳይ ሲባል እጩው የሚጠቁመው በሣር ጫፍ ነው። በ1፡50,000 ካርታ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚሸፍን ጣት መሬት ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይውጣል፤ በዚያ ውስጥ ሁለት ሸለቆ ሊደበቅ ይችላል። ካርታው ላይ መጻፍ ክልክል ነው፤ መታጠፍ ያለበትም በቀድሞው እጥፋቱ ነው። የተማረከ ወታደር ካርታ የት እንደሚሄድ ለጠላት መናገር የለበትም። ኮምፓስም ይቅርታ አያውቅም፤ የአምስት ዲግሪ ስህተት በሁለት ኪሎ ሜትር ጉዞ 175 ሜትር ያህል ያስታል። በጭጋግ ይህን ያህል የሳተ ሰው ነጥቡን አያገኘውም፤ ሲፈልግም ሰዓቱን ይጨርሳል።

በሰውነት ዝግጅቱም ቢሆን፣ በየአስፋልቱ ከባድ ሻንጣ ተሸክመው የሚሮጡ ጉልበታቸውን ያለ ዕድሜው እየጨረሱት ነው። በሸክም መፍጠን የሚለመደው በመራመድ ነው፤ ክብደቱም ቀስ በቀስ ይጨመራል።

ሙቀትም አይናቅ። በሐምሌ 2013 እ.ኤ.አ. በእነዚሁ ጋራዎች ላይ ሦስት ተጠባባቂ ወታደሮች በፈተና ጉዞ ወቅት በደረሰባቸው የሙቀት ጉዳት ሞተዋል። በ2015 የተጠናቀቀው የሞት ምርመራም አደጋው የደረሰው በአዘጋጆቹ ቸልተኝነት ጭምር መሆኑን አረጋግጧል።

ለማንኛውም የኮማንዶ ምርጫ የምትዘጋጁ ወጣቶች፣ ካርታና ኮምፓስ ከብረቱ በፊት ተማሩ። ስትወጡ የምትሄዱበትንና የምትመለሱበትን ሰዓት ለሰው ንገሩ። ራስ ማዞርና ግራ መጋባት ከጀመራችሁም ወዲያው ቁሙ፤ ጥላ ፈልጉ፣ እርዳታም ጥሩ።