የእጅ ስልክ መሣሪያን ስለ መለወጥ፤ የመሥመር ውልና የዳታ ጥቅል እንዴት እንደሚሆኑ ለነጋዴዎች የተሰጠ ማብራሪያ

በአሁኑ ዘመን የእጅ ስልክ ለነጋዴ እንደ ሚዛንና እንደ ሒሳብ መዝገብ ያለ የሥራ መሣሪያ ሆኖአል። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ የሚሠራው የእህል ነጋዴ የነፋስ መውጫንና የደብረ ታቦርን ገበያ ዋጋ የሚጠይቀው፥ ባለ ሱቁም ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ አከፋፋዮች ዕቃ የሚያዘው፥ ሒሳቡንም የሚከፍለው በዚሁ በስልኩ ነው። ስለዚህ አሮጌውን መሣሪያ ትቶ አዲስ ስማርት ስልክ መግዛት እንደ ማናቸውም የንግድ ወጪ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

አንዳንድ ሰዎች መሣሪያው ሲለወጥ ከቴሌ ጋር ያላቸው ውል የሚፈርስ፥ የገዙትም የዳታ ጥቅል የሚጠፋ ይመስላቸዋል። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው መሣሪያውን ከገዙ በኋላ ምንም የሚቀራቸው ጉዳይ ያለ አይመስላቸውም። ሁለቱም አሳብ ከጉዳት ላይ ሊጥል ስለሚችል ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይጠቅማል።

ውሉ የተዋዋለው በምን ላይ ነው?

በቀድሞው ዘመን፥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ. ም. በተቋቋመ ጊዜ፥ የደንበኛው ስልክ በሽቦ የሚሠራ ስለ ነበረ መሥመሩ ከቤቱ ወይም ከሱቁ ጋር የታሰረ ነበር። በ1991 ዓ. ም. የእጅ ስልክ አገልግሎት በአዲስ አበባ ሲጀመር ግን ይህ ማሠሪያ ተፈታ። መሥመሩ የሚታወቀው ሲም ካርድ በምትባለው በትንሿ ካርድ ሆነ። ዛሬ ኅዳር 20 ቀን 2003 ዓ. ም. ሥራውን የጀመረው ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ በ2015 ዓ. ም. አገልግሎቱን የከፈተው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሚሠሩት በዚሁ ሥርዓት ነው።

እንግዲህ ነጋዴው ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ አለበት። አንደኛው መሣሪያው ነው፤ ይህ የገዢው የራሱ ንብረት ነው። ሁለተኛው ቁጥሩ ነው፤ ይህ በባለ ንብረቱ ስም የተመዘገበና ኩባንያው በውል እንዲጠቀምበት የሰጠው ነው። ሦስተኛው የዳታ ጥቅሉ ነው፤ ይህም በመጠንና በጊዜ ተወስኖ በቁጥሩ ላይ የተሸጠ አገልግሎት ነው። የሱቅ መደርደሪያ ቢለወጥ የንግድ ፈቃዱ እንደማይለወጥ ሁሉ፥ ሲም ካርዱ ከአሮጌው ወጥቶ ወደ አዲሱ መሣሪያ ቢገባ ውሉም፥ ቁጥሩም፥ ያልተፈጀው ጥቅልም እንደ ነበሩ ይቀጥላሉ። የጥቅሉ ማለቂያ ቀንና ሰዓት ግን በመሣሪያው መለወጥ አይራዘምም።

አስቀድሞ ከፍሎ የሚጠቀመው ደንበኛ ሁኔታው ይህ ነው። በወር መጨረሻ ሒሳብ የሚከፍሉ ድርጅቶችም ቢሆኑ የሠራተኛቸውን መሣሪያ ስለ ለወጡ ውላቸው አይነካም። ነገር ግን በእነርሱ ዘንድ አደጋው የሚታየው ሒሳቡ ሲመጣ ነው፤ አዲሱ መሣሪያ ብዙ ዳታ የሚበላ ቢሆን፥ ወሰን ያልተደረገበት መሥመር ከታሰበው በላይ ዕዳ ሊያመጣ ይችላል።

ካርዱን ስለ መለወጥ

መሣሪያው በተለወጠ ጊዜ ካርዱ የማይገባ ሊሆን ይችላል። የቀድሞዎቹ ካርዶች ሰፋ ያሉ ሲሆኑ የአሁኖቹ ስልኮች የሚቀበሉት ትንሿን ነው። ካርዱን በመቀስ መቁረጥ የተለመደ ቢሆንም ሊያበላሸው ስለሚችል፥ በአገልግሎት መስጫ ጣቢያ ማስለወጥ የተሻለ ነው። ከዚህም በላይ የአራተኛው ትውልድ አገልግሎት በአዲስ አበባ የተጀመረው በ2007 ዓ. ም. ስለሆነ፥ ከዚያ በፊት የወጣ አሮጌ ካርድ በአዲስ መሣሪያ ውስጥ ቢገባም ፈጣኑን ኢንተርኔት ላያገኝ ይችላል። ካርዱ ሲለወጥ ቁጥሩ ያው እንደሆነ ይቀራል።

በዚህ ጊዜ ግን አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም ቁጥሩ በማን ስም ተመዝግቦአል የሚለው ነው። ካርድ የሚለወጠው ለተመዘገበው ሰው መታወቂያው ታይቶ ነው። የንግድ ቤቱ ደንበኞች ሁሉ የሚያውቁት ቁጥር ቀድሞ በሱቅ ሠራተኛ ወይም በዘመድ ስም ወጥቶ ከሆነ፥ ያ ሰው ወደ ሌላ አገር በሄደ ጊዜ ባለ ሱቁ የራሱን ቁጥር ማስለወጥ ይቸግረዋል። ስለዚህ መሣሪያ ከመግዛት አስቀድሞ የቁጥሩን ስም ማስተካከል ይገባል።

ከውጭ አገር ስለሚመጡ ስልኮች

በዚህ አካባቢ ብዙ ስልክ የሚገኘው በውጭ አገር ከሚኖሩ ዘመዶች በስጦታ ወይም በሽያጭ ነው። እዚህ ላይ የውሉ ነገር በእርግጥ ይመጣል። በአሜሪካ አገር ደንበኛው ለሁለት ዓመት ውል ገብቶ መሣሪያውን በቅናሽ ይወስድ ነበር። ቲ ሞባይል እ. ኤ. አ. በ2013፥ ቬራይዘን በ2015፥ ኤቲ ኤንድ ቲ ደግሞ በ2016 ይህን አሠራር እየተዉ፥ መሣሪያው በየወሩ በሚከፈል ዋጋ እንዲሸጥ አድርገዋል። በዚያ ሥርዓት መሣሪያው ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ ለሌላ ኩባንያ ካርድ እንዳይሠራ ሊቆለፍ ይችላል።

ስለዚህ ከአሜሪካ የመጣ ውድ ስልክ ነፋስ መውጫ ወይም አርብ ገበያ ደርሶ የኢትዮጵያን ካርድ አልቀበልም ቢል፥ ጥፋቱ የካርዱ ወይም የመረቡ ሳይሆን የውሉ ሊሆን ይችላል። መክፈቻውም ያለው በሻጩ ኩባንያ እጅ ነው። ላኪው ዘመድ ዋጋውን ከፍሎ መጨረሱንና ቁልፉ መነሣቱን አስቀድሞ መጠየቅ ከብዙ ኪሣራ ያድናል። እንዲሁም እ. ኤ. አ. ከ2022 ጀምሮ በአሜሪካ ለሽያጭ ከወጡት የአይፎን ዓይነቶች መካከል የካርድ ማስገቢያ ጭራሽ የሌላቸው አሉ። እንደዚህ ያለውን መሣሪያ የሚገዛ ሰው ቁጥሩን ያለ ካርድ በመሣሪያው ላይ ማስመዝገብ የሚቻል መሆኑን ከአገልግሎት መስጫው ሳያረጋግጥ ገንዘቡን መስጠት የለበትም።

ስልክ የሚሸጡ ባለ ሱቆችም የገዢውን ካርድ አስገብተው፥ አስደውለውና ኢንተርኔቱን አስከፍተው ቢሸጡ ከክርክር ይድናሉ። በ*#06# የሚወጣውን የመሣሪያውን መለያ ቁጥር በደረሰኙ ላይ መጻፍም ለሻጭም ለገዢም ማስረጃ ይሆናል።

ጥቅሉ ያው ሆኖ ለምን አይበቃም?

ብዙ ሰው የሚማረርበት ነገር ይህ ነው፤ ጥቅሉ አልተለወጠም፥ ዋጋውም ያው ነው፥ ነገር ግን ወር ሳይሞላ ያልቃል። ምክንያቱ የመሣሪያው ጠባይ መለወጡ ነው። አዲስ ስማርት ስልክ ባለቤቱ ሳይነካው እንኳ የራሱን ሥርዓት ያድሳል፥ መተግበሪያዎችን ያወርዳል፥ የተነሡትን ሥዕሎች ወደ ሩቅ ማከማቻ ይልካል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ በአሮጌው ስልኩ በወር 2 ጊጋባይት ይበቃው ነበር እንበል። አዲሱን ስልክ በከፈተበት ቀን መሣሪያው 1 ጊጋባይት ተኩል የሚያህል ማደሻ ቢያወርድ፥ ለወሩ የሚተርፈው ግማሽ ጊጋባይት ብቻ ነው። ደግሞም አንዱ የዕቃ ሥዕል በአሮጌው ግማሽ ሜጋባይት፥ በአዲሱ 3 ሜጋባይት ቢሆን፥ በወር 100 ሥዕል የሚያነሣ ሰው ቀድሞ ለማከማቸት 50 ሜጋባይት ያጠፋው የነበረው አሁን 300 ይሆንበታል። ቪዲዮ መመልከት ከሁሉ ይበልጣል፤ በተራ ጥራት በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ፥ በከፍተኛ ጥራት እስከ 3 ጊጋባይት ሊፈጅ ይችላል።

ጥቅሉ ሲያልቅ ኢንተርኔቱ ክፍት ከሆነ፥ ወጪው በመደበኛው ታሪፍ ከዋናው ሒሳብ ላይ ሊቀነስ ይችላል። በሁለት ካርድ የሚሠራ መሣሪያም ከሆነ፥ ጥቅሉ በአንደኛው ቁጥር ላይ ሳለ ስልኩ ዳታውን ከሁለተኛው እየወሰደ እንዳይሆን ማየት ያስፈልጋል።

ጥቅልን ስለ መምረጥም እንዲሁ ነው። በሳምንት በአንድ የገበያ ቀን ብቻ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ሰው የቀን ጥቅል ቢገዛ ይጠቅመው ይሆናል። ይህ የሚሆነው ግን በሌሎቹ ቀናት ዳታውን ከዘጋ ነው። አዲሱ መሣሪያ ሁልጊዜ ክፍት የሚሆን ከሆነ የወሩ ጥቅል ይሻለዋል። የረጅም ጊዜ ጥቅል የሚገዛም ሰው የአካባቢውን የመረብ ሁኔታ ማሰብ አለበት። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ. ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ ነጋዴው አይዘነጋም።

ገንዘቡም በቁጥሩ ላይ ስለ መሆኑ

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ. ም.፥ ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ. ም. ከተጀመሩ ወዲህ ቁጥሩ የመነጋገሪያ ብቻ ሳይሆን የገንዘብ መያዣም ሆኖአል። ገንዘቡ በመሣሪያው ውስጥ ስላልሆነ ስልክ በመለወጡ አይጠፋም። በአዲሱ ስልክ መተግበሪያው ሲከፈት በአጭር መልእክት የሚመጣው ማረጋገጫና የምስጢር ቁጥሩ ይጠየቃሉ። እነዚህን ሁለቱን ዕቃ ለሚያዘዋውርለት ለስልክ ቤት ልጅ የሚነግር ነጋዴ የካዝናውን ቁልፍ እንደ ሰጠ ይቈጠራል። ኢንተርኔት በሌለበት፥ ነገር ግን የስልክ ጥሪ በሚሠራበት ስፍራ ቴሌብር በ*127# ስለሚሠራ፥ ይህን መንገድ መልመድ ለገጠር ገበያ ሰው እጅግ ይጠቅማል።

ከመለወጥ በፊት ሊደረግ የሚገባው

1ኛ፤ ቁጥሩ በንግድ ቤቱ ባለቤት ወይም በድርጅቱ ስም መመዝገቡን ማረጋገጥ።

2ኛ፤ መሣሪያው በውጭ ኩባንያ ያልተቆለፈና የአገሩን ካርድ የሚቀበል መሆኑን ከክፍያ በፊት መሞከር።

3ኛ፤ የደንበኞችን ስም ዝርዝርና የንግድ መልእክቶችን ከአሮጌው ወደ አዲሱ አዛውሮ መያዝ።

4ኛ፤ በአዲሱ ስልክ የራስ በራስ ማደሻንና የሥዕል መላኪያን መዝጋት፤ ማደስ ቢያስፈልግ በዋይፋይ ማድረግ።

5ኛ፤ አሮጌውን ስልክ ከመሸጥ በፊት ካርዱን አውጥቶ፥ የተመዘገቡትን ሁሉ ደምስሶ መስጠት።

6ኛ፤ በመጀመሪያው ወር የዳታውን ፍጆታ በየሳምንቱ እየተመለከቱ መመዝገብ፤ ከዚያም የሚስማማውን ጥቅል መወሰን።

በጠቅላላው፥ መሣሪያ በየጊዜው ያረጃል፥ ይለወጣልም። ደንበኛው የሚፈልገው፥ ላኪው የሚልክበት፥ ገንዘቡም የሚገባበት ግን ቁጥሩ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ ለመሣሪያው ዋጋ ከሚከራከረው የማያንስ ጥንቃቄ ለቁጥሩ ቢያደርግ፥ ለዳታውም እንደ መጓጓዣ ወጪ በመዝገቡ ስፍራ ቢሰጠው፥ የስልኩ መሻሻል ለንግዱ መሻሻል ይሆንለታል።