«ወንበር» እና «መቋሚያ»፤ ስለ አንድ የወንበር ስም አተረጓጎም

«ወንበር» ከግዕዙ «መንበር» የመጣ ሲሆን፣ «መንበር»ም በበኩሉ «ነበረ»፣ ማለትም «ተቀመጠ» ከሚለው ግስ ይወጣል። ግሱ ወደ አማርኛ ሲሻገር ያለፈን ጊዜ ወደ ማመልከት ቢያዘነብልም፣ ስሙ ነባር ፍችውን እንደ ያዘ ቀርቷል፤ ጥንታዊ መልኩም «ሊቀ መንበር»ና «መንበረ ታቦት» በሚሉት ጥምር ቃላት ይገኛል። ቃሉ ከዕቃነት አልፎ ሥልጣንንም ያመለክታል። ዲማ ጊዮርጊስን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች በሚታወቁበት በቢቸናና በሞጣ አገር «ወንበር ተከለ» ሲባል የሚታሰበው አናጢ ሳይሆን ጉባኤ ዘርግቶ ማስተማር የጀመረ መምህር ነው።

«መቋሚያ» በአንጻሩ ሥሩ «ቆመ» ነው፤ ሊቃውንቱ በማሕሌት ጊዜ እየተደገፉ የሚቆሙበትና የሚያሸበሽቡበት ዘንግ ነው። በአሜሪካ የሚኖረው ትውልደ ኢትዮጵያዊ የቤት ዕቃ ነዳፊ ጆሞ ታሪኩ ከወንበሮቹ አንዱን ከዚሁ ዘንግ መነሻ ወስዶ «መቋሚያ» ሲል ሰይሞታል። የመቆሚያው ስም ለመቀመጫ ዋለ ማለት ነው። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ለተርጓሚ ግን መሰናክል አለበት። «የመቋሚያ ወንበር» ብሎ ቢጽፍ፣ «የ» በዚህ ስፍራ ንብረትነትን ወይም አገልግሎትን እንጂ ምስያን ስለማያሳይ፣ አንባቢው ለመቋሚያ ማኖሪያ የተሠራ ነገር ይመስለዋል። «ሙቀጫ» የተባለውን የዚሁ ነዳፊ በርጩማም «የሙቀጫ በርጩማ» ማለት ያው ስሕተት ነው። ስለሆነም ስሙ ሲጠራ «መቋሚያ የተባለው ወንበር»፣ ቅርጹ ሲገለጽ «መቋሚያ መሰል ወንበር» እንዲባል እንመክራለን።

የቀረው የወገኑ ስያሜ ነው። «የተቀረጸ ወንበር» አሠራሩን ብቻ ይናገራል፤ «ቅርጽ ያለው ወንበር» ደግሞ፣ ቅርጽ የሌለው ወንበር ስለሌለ፣ ምንም አይለይም። እኛ «ኪነ ቅርጻዊ ወንበር» የሚለውን እናቀርባለን፤ ፍችውም «ለመቀመጫነት እያገለገለ ቅርጹ ራሱ እንዲታይና እንዲተረጎም ታስቦ የተሠራ ወንበር» ነው።

ይሁን እንጂ ስያሜው ስማቸው ለታወቀ ነዳፊዎች ብቻ ከተሰጠ፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ተራ የቤት ዕቃ ተብሎ ከመዝገቡ ይወድቃል። እንዲህ ያለው አከፋፈል የቃሉን ፍች ሳይሆን የሠሪውን ዝና መመዝገብ ይሆናል። ስለዚህ መዝገበ ቃላት አዘጋጁም ሆነ ተርጓሚው ስያሜውን በሥራው ጠባይ መዝኖ ይስጥ እንላለን።