ስውሩ ወለል፦ በኦንላይን ጨረታ ያገለገለ ዕቃ ስለመሸጥ ተረትና እውነታ

ያገለገለ ካሜራ፣ ላፕቶፕ ወይም የእጅ ሰዓት በኦንላይን ጨረታ ለመሸጥ የሚነሳ ሰው ገና ፎቶ ሳያነሳ አንድ ስጋት ይይዘዋል፦ «አንዱ መጥቶ በአምስት ዶላር ቢወስድብኝስ?» ስጋቱ መሠረት አለው። እንደ ኢቤይ ባሉ ገበያዎች ጨረታው ተዘግቶ አሸናፊ ከተገኘ በኋላ ዋጋው አነሰ ብሎ ሽያጩን መተው አይቻልም። ለዚህም ነው ሪዘርቭ የሚባል መከላከያ የተዘጋጀው። ሻጩ «ከዚህ በታች አልሸጥም» የሚልበትን ወለል ዋጋ ለሥርዓቱ ያስመዘግባል። ተጫራቾች ቁጥሩን አያዩም፤ የሚያዩት ወለሉ ገና እንዳልተነካ የሚገልጽ ማሳሰቢያ ብቻ ነው። ጨረታው ወለሉን ሳይነካ ካለቀ ሻጩ ዕቃውን የመስጠት ግዴታ የለበትም።

ሀገር ቤት በጋዜጣ የሚወጣውን የባንክ ሐራጅ ማስታወቂያ የለመደ አንባቢ ይህ ሊያደናግረው ይችላል። እዚያ የጨረታው መነሻ ዋጋ በግልጽ ይጻፋል፤ ተጫራቹም ከየት እንደሚጀመር አውቆ ሲፒኦውን አሠርቶ ይቀርባል። በኢቤይ ግን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ፦ ሁሉም የሚያየው መነሻ ዋጋና ሻጩ ብቻ የሚያውቀው ወለል። አብዛኛው የተሳሳተ እምነት የሚመጣው የሁለቱን ሥራ ካለመለየት ነው። ስህተቱ ቀላል አይደለም፤ ሰዎች ለማያስፈልጋቸው መከላከያ ገንዘብ ይከፍላሉ፣ ሊገዛ የመጣውንም ሰው ያርቃሉ።

ተረት 1፦ «ሪዘርቭ ካላደረግሁ ዕቃዬ በሳንቲም ይሄዳል»

እውነታው፦ መነሻ ዋጋው ራሱ ወለል ነው። ጨረታውን በ120 ዶላር ያስጀመረ ሻጭ ዕቃው በ119 ዶላር ሊሸጥበት አይችልም፤ ሥርዓቱ ከመነሻው በታች የሚቀርብ ዋጋ አይቀበልም። ለዚህ ጥበቃ የሚጠየቅ የሪዘርቭ ክፍያም የለም። በሳንቲም የሚሄደው ዕቃ በ99 ሳንቲም ተነስቶ ተጫራች ያጣ ዕቃ ነው። ስለዚህ ምርጫው በመጠበቅና ባለመጠበቅ መካከል አይደለም። ጥያቄው ወለሉ በግልጽ ይቀመጥ ወይስ በስውር የሚለው ነው።

ተረት 2፦ «የተደበቀ ወለል ከተገለጠ ወለል የበለጠ ዋጋ ያመጣል»

የዚህ እምነት ስሌት እንዲህ ነው፦ ዝቅተኛው መነሻ ዋጋ ሰውን ይስባል፣ ስውሩ ወለል ሻጩን ይጠብቃል፤ ሁለቱም ጥቅም በአንድ ጊዜ ይገኛል።

እውነታው፦ ይህ በገበያው ላይ ተፈትኗል። ራማ ካትካርና ዴቪድ ራይሊ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች 50 ጥንድ ተመሳሳይ የፖኬሞን ካርዶች አዘጋጅተው በኢቤይ ለጨረታ አቀረቡ። ከየጥንዱ አንዱ በዝቅተኛ መነሻ ዋጋና በስውር ወለል፣ ሌላው ያንኑ ወለል በግልጽ መነሻ ዋጋ አድርጎ ቀረበ። ውጤቱ ለስውሩ ወለል አላደላም። የመሸጥ ዕድሉ ቀነሰ፣ ከልባቸው ሊገዙ የሚችሉ ተጫራቾች ራቁ፣ ሻጩ የሚጠብቀው ገቢም አነሰ።

ምክንያቱ ከገዢው ወገን ሲታይ ግልጽ ነው። መርካቶ ውስጥ «መጨረሻውን ንገረኝ» ያለ ሰው መልስ ያገኛል፤ ካልተስማማው ወደ ቀጣዩ ሱቅ ያልፋል። ስውር ወለል የገጠመው ተጫራች ግን መልስ የሚሰጠው የለም። አንድ ጊዜ ይጨምራል፣ «ወለሉ አልተነካም» ይባላል፤ እንደገና ይጨምራል፣ ያው መልስ ይመጣል። ሻጩ የማይሆን ዋጋ ጠብቆ ይሆናል ብሎ ይገምትና ዋጋው ግልጽ ወደሆነው ተመሳሳይ ዕቃ ይሄዳል። ቶሎ የሚሄደው ደግሞ ገበያውን የሚያውቀውና ገንዘቡን ያዘጋጀው ገዢ ነው።

ተረት 3፦ «ወለሉ ካልተነካ አልሸጥም እንጂ የማጣው ነገር የለም»

እውነታው፦ በቁጥር እንከተለው። ሻጩ ካሜራውን በ99 ሳንቲም ያስጀምራል፤ ስውር ወለሉን 200 ዶላር ያደርጋል። በኢቤይ ተጫራቹ እስከ ስንት መክፈል እንደሚፈልግ አስቀድሞ ያስመዘግባል፤ ሥርዓቱም ሌላውን ለመብለጥ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ እየጨመረ ይጫረትለታል። የመጀመሪያው ሰው እስከ 150፣ ሁለተኛው እስከ 180 ዶላር ያስመዘግባሉ። በዚህ የዋጋ ደረጃ አንዱ ጭማሪ 2.50 ዶላር ስለሆነ ዋጋው 152.50 ላይ ይቆማል። ወለሉ አልተነካም። ከዚያ ሦስተኛው ሰው እስከ 230 ያስመዘግባል። ሪዘርቭ ባይኖር ኖሮ በ182.50 ያሸንፍ ነበር። ያስመዘገበው መጠን ከወለሉ ስለሚበልጥ ግን ዋጋው በአንድ ጊዜ ወደ 200 ይዘላል። ስውሩ ወለል 17.50 ዶላር ያስገኘ ይመስላል።

አሁን ወጪውን እንቁጠር። የአሜሪካው ኢቤይ የሪዘርቭ ክፍያ 5 ዶላር ወይም የወለሉ 7.5 በመቶ ነው፤ የሚጠየቀው ከሁለቱ የሚበልጠው ሲሆን ጣሪያው 250 ዶላር ነው። ስለዚህ የ200 ዶላር ወለል 15 ዶላር ያስከፍላል። ከ17.50 ዶላሩ ላይ ይህና ኢቤይ ከሽያጩ የሚወስደው ኮሚሽን ሲቀነሱ ለሻጩ የሚተርፈው ሳንቲም ነው። የሦስተኛው ሰው አቅም 195 ዶላር ቢሆን ኖሮ ደግሞ ካሜራው ሳይሸጥ ይቀር ነበር፤ 15 ዶላሩ ግን አይቀርም፤ ክፍያው ዕቃው ቢሸጥም ባይሸጥም ይጠየቃል። አምስት ዶላር ላለመተው ሲባል 195 ዶላር ሊከፍል የተዘጋጀ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። በእርግጥ ጨረታው ካለቀ በኋላ ለተሸናፊ ተጫራች የ«ሁለተኛ ዕድል» ግብዣ መላክ ይቻላል፤ ያ ሰው ግን እስከዚያ ሌላ ካሜራ ገዝቶ ሊሆን ይችላል።

ያው ሻጭ ሪዘርቭ ትቶ ጨረታውን በግልጽ ከ200 ዶላር ቢያስጀምር ኖሮስ? 230 የሚከፍለው ሰው ብቻውን ቀርቦ በ200 ዶላር ይገዛ ነበር። የሽያጩ ዋጋ አንድ ነው፤ 15 ዶላሩ ግን ከሻጩ ኪስ አይወጣም። (ታሪፉ እንደየጊዜውና እንደየሀገሩ ስለሚለያይ ዕቃ ከመለጠፍ በፊት የወቅቱን ማየት ያስፈልጋል።)

ተረት 4፦ «ወለሉ የገዛሁበትን ዋጋ ያህል መሆን አለበት»

እውነታው፦ ገበያው ዕቃው ስንት እንደተገዛ አያውቅም፤ ቢያውቅም ግድ የለውም። የሚያውቀው ተመሳሳይ ዕቃ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ ነው።

ባለቤትነት ግምታችንን ከፍ እንደሚያደርገው የታወቀ ነገር ነው። ዳንኤል ካነማን፣ ጃክ ክኔችና ሪቻርድ ታለር በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጡት ታዋቂ ጥናት ከተማሪዎች ለግማሾቹ ኩባያ ሰጥተው በስንት ትሸጡታላችሁ ብለው ጠየቁ፤ ሌሎቹን ደግሞ በስንት ትገዙታላችሁ አሏቸው። ኩባያውን የያዙት የጠየቁት ዋጋ ገዢዎቹ ሊከፍሉ ከፈቀዱት እጥፍ ያህል ነበር። ኩባያው የተሰጣቸው በዚያው ቀን ነው። አሥር ዓመት አብሮን የኖረ፣ የልጆቻችንን ልደት የቀረጽንበት ካሜራ ሲሆን ግምታችን የቱን ያህል እንደሚርቅ ማሰብ አያዳግትም።

ግምታችን ወደታችም ሊስት ይችላል። የኢቤይ መሥራች ፒየር ኦሚድያር በ1995 እ.ኤ.አ. ገበያውን ሲጀምር የሸጠው የመጀመሪያ ዕቃ የተሰበረ ሌዘር ጠቋሚ ነበር። 14.83 ዶላር አወጣ።

ስለዚህ ልብን ከመጠየቅ የተሸጡትን ማየት ይበልጣል። ኢቤይ ላይ የዕቃውን ስምና የሞዴል ቁጥር ጽፎ ውጤቱን «የተሸጡ» በሚለው ማጣራት ይቻላል። በሽያጭ ላይ ያሉት ማስታወቂያዎች የሻጮችን ምኞት ያሳያሉ፤ የተሸጡት ግን ገዢ በእርግጥ የከፈለውን። በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ያሉ ጥቂት ዕቃዎች የተሸጡበትን ዋጋ ካዩ በኋላ የሚቀመጥ ወለል ብቻ ነው እውነተኛ ወለል።

ተረት 5፦ «እንግዲያው ሁልጊዜ ከ99 ሳንቲም መጀመር ነው»

እውነታው፦ ዝቅ ብሎ መጀመር የሚሠራው ብዙ ተጫራች ሲኖር ነው። ጊሊያን ኩ፣ አዳም ጋሊንስኪና ኪት መርኒገን በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ዝቅተኛ መነሻ ዋጋ በመጨረሻ ከፍ ያለ ዋጋ ሊያመጣ እንደሚችል አሳይተዋል። ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው፦ ለመግባት ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ይገባል፤ የገባ ሰው ጊዜና ሐሳቡን ስላፈሰሰበት መተው ይከብደዋል፤ ሌሎች ደግሞ የተጫራቹን ብዛት አይተው ዕቃው ደህና መሆን አለበት ይላሉ። ሰው እንዳይገባ የሚያግድ ነገር ሲኖር ግን ይህ ኃይል ይጠፋል። የዕቃው ስም በፊደል ስህተት ከተጻፈ ፈላጊው ሲፈልግ አያገኘውም፤ ያኔ ዝቅተኛው መነሻ ዝቅ እንዳለ ይቀራል።

በ1996 እ.ኤ.አ. ጄረሚ ቡሎውና ፖል ክሌምፐረር ያረጋገጡት ውጤትም ወደዚሁ ያመራል። ተጫራቾቹ ተመሳሳይ ዓይነት ፈላጊዎች ሆነው እያንዳንዱ በራሱ ግምት የሚጫረት ከሆነ፣ ምንም ወለል የሌለው ነገር ግን አንድ ተጨማሪ ተጫራች ያገኘ ጨረታ፣ በጥበብ ከተሰላ ወለል የበለጠ ገቢ ያመጣል። እኔ ያገለገለ ዕቃ ለሚሸጥ ሰው ሁሉ ከዚህ የሚሻል ምክር የለም ባይ ነኝ። አንድ ተጨማሪ ገዢ መሳብ ወለሉን ስንት ላድርገው ብሎ ከመጨነቅ ይበልጣል።

ስለዚህ በብዛት የሚፈለግ፣ ዋጋው የታወቀ ስልክ ወይም የጨዋታ ኮንሶል ዝቅ ብሎ ቢጀመር ገበያው ራሱ ያነሳዋል። ፈላጊው ጥቂት የሆነ ዕቃ ግን ሻጩ ከልቡ ከሚቀበለው ዋጋ መጀመር አለበት።

ተረት 6፦ «ወለሉ እስኪደርስ ወንድሜ ቢጫረትልኝ ማንን ይጎዳል?»

እውነታው፦ ገዢውን ይጎዳል፤ ሕገወጥም ነው። በራስ ዕቃ ላይ በሌላ ስም መጫረት ወይም ዘመድና ጓደኛን ማስጫረት በኢቤይ የተከለከለ ነው፤ መለያን ያሳግዳል፣ በብዙ አገሮችም ያስከስሳል። በ2000 እ.ኤ.አ. በ25 ሳንቲም የተነሳ አንድ ሥዕል የታዋቂው ሠዓሊ የሪቻርድ ዲበንኮርን ሥራ ነው ተብሎ ታምኖበት እስከ 135,805 ዶላር ደረሰ። ሻጩ በራሱ ዕቃ ላይ መጫረቱ ሲታወቅ ኢቤይ ሽያጩን ሰረዘ፤ በዓመቱ ሦስት ሰዎች በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ተከሰሱ።

ወደዚህ ስህተት የሚገፋው ብዙ ጊዜ መደናገጥ ነው። ጨረታው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ዋጋው ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ሻጩ ይፈራል። አልቪን ሮትና አክሰል ኦከንፌልስ በ2002 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ግን የኢቤይ ተጫራቾች ብዙዎቹ ዋጋቸውን የሚያስገቡት በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ነው። የዋዜማው ዋጋ የመጨረሻውን አይናገርም።

ተረት 7፦ «ሪዘርቭ ከንቱ ነገር ነው»

እውነታው፦ ይህም ማጋነን ነው። ፓትሪክ ባጃሪና አሊ ሆርታችሱ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኢቤይ የሳንቲም ጨረታዎች ጥናት ሻጮች ስውር ወለልን በአብዛኛው የሚጠቀሙት ውድ ለሆኑ ሳንቲሞች እንደሆነ አግኝተዋል። ይህ ምክንያት አለው። አሮጌ መኪና፣ የጥንት ጌጥ ወይም ተመሳሳዩ በቀላሉ የማይገኝ የሙዚቃ መሣሪያ ሲሸጥ ትክክለኛው ዋጋ በቅድሚያ አይታወቅም። በርካሽ ቢሄድ ጉዳቱ ከባድ ነው፤ ከዚያ አንጻር የሪዘርቩ ክፍያ ትንሽ ነው። የተጫራቾች ፉክክር ራሱም ለገዢውም ለሻጩም ስለ ዕቃው ዋጋ መረጃ ይሰጣል። እንዲህ ላለው ዕቃ ስውር ወለል ይፈቀዳል፤ ያኔም ቢሆን ተጫራች ሲጠይቅ ወለሉን በግልጽ መንገር ፈላጊን ያቆያል እንጂ አያሸሽም።

ለቀረው ያገለገለ ዕቃ ሁሉ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ የተሸጡትን ዋጋዎች ይመልከቱ። ቀጥሎ ፈላጊው እንዲያገኝዎ ያድርጉ፦ የሞዴል ቁጥሩን በትክክል ይጻፉ፣ ጭረቱንና ጉድለቱን ሳይደብቁ በጥሩ ብርሃን ፎቶ ያንሱ፣ ጨረታው ገዢዎች ነቅተው በሚገኙበት ሰዓት እንዲዘጋ ያድርጉ። ከዚያ ራስዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ አንድ ሰው ብቻ ቢመጣ በስንት ብሰጠው አልቆጭም? መልሱን መነሻ ዋጋ አድርገው በግልጽ ያስቀምጡት። ያ ቁጥር ያለ ክፍያ ይጠብቅዎታል፤ ገዢውም ከየት እንደሚጀምር አውቆ ይገባል።