ሁለት ፋሲካ የምታውቅ ከተማ

የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ሲደርስ፣ ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑና ጣሊያኑ ከኢትዮጵያዊው ጋር የአንድ ከተማ ሰዎች ሆኑ። ፋሲካን ክርስቲያኖቹ ሁሉ ያከብራሉ፤ ቀኑ ግን ይለያያል። ግሪኮች እንደ እኛ በጥንቱ ስሌት ስለሚሄዱ በዓላቸው ከእኛ ጋር ይውላል። ፈረንሳዮችና ጣሊያኖች በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ያከብራሉ። በ2017 ዓ.ም ሁሉም ሚያዝያ 12 ላይ ተገናኙ፤ በ2018 ግን የፈረንሳዮችና የጣሊያኖች መጋቢት 27፣ የእኛ ሚያዝያ 4 ሆነ።

ሚያዝያ 4 ከየት መጣ? ከባሕረ ሐሳብ፣ ከቤተ ክርስቲያኗ የበዓላት ቀመር ነው። የ2018 መጥቅዕ 18 ነው። ይህ ቀን፣ መስከረም 18፣ እሑድ ዋለ፤ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ተጨማሪ ቁጥሩ፣ 7 ስለሆነ ሁለቱ ሲደመሩ 25 ይሆናል። መባጃ ሐመር የሚባለው ይህ ነው፤ ጾመ ነነዌም ጥር 25 ገባ። በ25 ላይ የትንሣኤን ተውሳክ 9 ስንጨምር 34፤ ሠላሳውን ስንገድፍ 4። ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይቀድም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። እንዲህ ያለ ዕውቀት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ብቻ መቅረቱ ያሳዝነኛል፤ ልጆቻችን ከሒሳብ ጋር ቢማሩት እወዳለሁ።

ከፋሲካ በፊት 55 የጾም ቀናት አሉ። ከሁሉም የሚከብደው አክፍሎት ነው፤ የያዘው ሰው ከስቅለት ማታ እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ውኃ አይቀምስም። በድሬዳዋ የሚያዝያ ሙቀት ይህን መቻል ጽናት ይጠይቃል። ቀዳም ስዑር ጠዋት ካህናት ቄጠማ ያድላሉ፣ ምእመኑም ራሱ ላይ ያስረዋል። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ቅዳሴ ሲያልቅ ወደ ቤት ነው፤ ዶሮ ወጡ ቀድሞ ተሠርቷል። ባለሙያዋ ዶሮዋን 12 ቦታ ገንጥላ፣ በሎሚና በጨው ደጋግማ አጥባ፣ ሽንኩርቱን ቀስ ብላ አቁላልታ፣ የተላጠውን እንቁላል መጨረሻ ላይ ጨምራለች።

እንቁላል በግሪኮችም ማዕድ አለ። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ቀይ ይነከራል፤ በበዓሉ ሁለት ሰዎች እንቁላላቸውን ያጋጫሉ፣ ያልተሰነጠቀለት ዕድለኛ ይባላል። ጾማቸውን የሚፈቱት ከእኩለ ሌሊት በኋላ በበግ ሆድ ዕቃ ሾርባ ነው። አርመኖች እንቁላሉን በሽንኩርት ልጣጭ ቀቅለው ያቀላሉ። ለፈረንሳይ ልጆች ደግሞ እንቁላሉን ከሮም የሚያመጡት የቤተ ክርስቲያን ደወሎች ናቸው ይባላል።

ድሬ ላይ ጎረቤት ብዙ ጊዜ ሙስሊም ነው። ስለዚህ አሳቢ የቤት እመቤት ለጎረቤቶቿ ለብቻው በሙስሊም እጅ ታሳርዳለች፤ ድስቱም ለብቻው ይጣዳል። ዳቦውና ቡናው ግን የሁሉም ነው።