340 ጀግኖች በአንዲት ክፍል

ባለፈው ክረምት እናቴ ከደብረ ብርሃን ደወለችልኝ። ጉልበቷን እያመማት ነው፤ ለደም ግፊቷ ክትትል በየወሩ አዲስ አበባ መመላለሱም ከብዷታል። "ጠቅልለሽ ነይና አብረን እንኑር" ማለት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። በዚያን ቀን ግን ራሷ "እሺ ልጄ፣ መስከረም ሲጠባ እመጣለሁ" አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ለባለቤቴ ስነግራት እሷም ደስ አላት። ወዲያው ግን ጠየቀችኝ፦ "የት ነው የሚተኙት?"

ቤታችን ባለ ሦስት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። አንዱ የእኛ፣ አንዱ የስድስት ዓመት ልጃችን ነው። ሦስተኛዋን ትንሽ ክፍል "የእንግዳ ክፍል" እንላታለን እንጂ እንግዳ አድሮባት አያውቅም። የሚኖሩባት 340 የፕላስቲክ ጀግኖች ናቸው።

አክሽን ፊገር ይባላሉ። እጅና እግራቸው የሚተጣጠፍ፣ አብዛኞቹ ከእርሳስ የማይረዝሙ፣ ከፊልምና ከካርቱን የተወሰዱ አሻንጉሊቶች ናቸው። ስፓይደርማን አለ፣ ባትማን አለ፣ የስታር ዋርስ ወታደሮች አሉ፣ የጃፓን አኒሜሽን ጀግኖችም አሉ። እኔ 32 ዓመቴ ነው፤ በአንድ ድርጅት የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ቤቴ የመጣ ሰው "ይሄ ሁሉ የማን ነው?" ሲለኝ "የልጄ ነው" እያልኩ ስንት ዓመት አልፌዋለሁ። እውነቱ ግን የእኔ ናቸው።

አንድ ብሎ የጀመረው

የመጀመሪያውን ያመጣችልኝ ከዋሽንግተን ለእረፍት የመጣችው አክስቴ ናት፤ ነፍሷን ይማር። ጊዜው የ1994 ዓ.ም. ክረምት ነበር፤ እኔም ዘጠኝ ዓመቴ። የስፓይደርማን ፊልም አሜሪካ ውስጥ ለእይታ የበቃው በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ነው። እኔ ፊልሙን በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት እስካየው ድረስ ብዙ ወራት አለፉ፤ አሻንጉሊቱ ግን ቀድሞ በእጄ ገባ። በሰፈሩ ልጆች ዘንድ ምን ያህል እንደተከበርኩ ልነግራችሁ አልችልም።

ከዚያ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሁሉ "ምን ላምጣልህ?" ሲለኝ መልሴ አንድ ሆነ። ሥራ ከያዝኩ በኋላ ደግሞ ራሴ መግዛት ጀመርኩ፤ ዱባይ ለሥራ ስሄድ፣ ቦሌ አካባቢ ካሉ ሱቆች፣ በሰው ሻንጣ። በ23 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ ለመድኃኒትና ለልጆች ልብስ የተያዘ ቦታ ላይ የእኔን ጀግኖች እንዲጨምሩልኝ ስንቱን ዘመድ አስቸግሬአለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ 340 ደረሰ።

ገበያው የሚያውቀው ምስጢር

የተማርኩት ቢዝነስ በመሆኑ የእነዚህ አሻንጉሊቶች የገበያ ታሪክ ሁሌም ይማርከኛል። እ.ኤ.አ. በ1964 ሃዝብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ "ጂ. አይ. ጆ" የተሰኘ ወታደር ለገበያ ሲያቀርብ አንድ ስጋት ነበረበት። "አሻንጉሊት" ከተባለ ወላጅ ለወንድ ልጁ አይገዛውም የሚል ነው። ስለዚህ "አክሽን ፊገር" የሚል አዲስ ስም አወጣለት። ዕቃው ያው ነው፤ የተቀየረው ስሙ ነው።

ሌላው እ.ኤ.አ. በ1977 የሆነው ነው። የመጀመሪያው የስታር ዋርስ ፊልም ያልተጠበቀ ተወዳጅነት ሲያገኝ ኬነር የተባለው አምራች አሻንጉሊቶቹን ለገና ማድረስ አልቻለም። ምን አደረገ? በውስጡ አንድም አሻንጉሊት የሌለበት ማሸጊያ ሸጠ! ሕፃናቱ በማሸጊያው ውስጥ ያገኙት "በሚቀጥለው ዓመት ይላክልሃል" የሚል የምስክር ወረቀት ነበር። አሻንጉሊቶቹ የደረሱት በ1978 ነው።

የእነዚያ ዓመታት አሻንጉሊቶች፣ በተለይ ማሸጊያቸው ያልተከፈተ፣ ዛሬ ውድ ናቸው። ምክንያቱም ልጆቹ ተጫውተው ሰበሯቸው፤ እናቶችም ጣሏቸው። ጥቂት ብቻ ቀሩ። ይህን ያዩ ሰዎች በ1990ዎቹ የወጡትን አዳዲስ የስታር ዋርስ አሻንጉሊቶች በብዛት እየገዙ፣ ማሸጊያውን ሳይከፍቱ "ለልጆቼ ኮሌጅ ይሆናል" ብለው አስቀመጡ። ሁሉም ስላስቀመጠ ግን ዛሬም ገበያው ላይ ሞልተዋል፤ አብዛኞቹም ያን ያህል ዋጋ አያወጡም። ብርቅ የሚሆነው ሰው ለማስቀመጥ ያላሰበው ዕቃ ነው።

እኔም "ኢንቨስትመንት ነው" እያልኩ ለባለቤቴ ያስረዳኋት ስንት ጊዜ ነው!

"በዚህ ዋጋ ጫማ ከነካልሲው"

መጀመሪያ ያሰብኩት መሸጥ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፎቶ ሳነሳ ዋልኩና በቴሌግራም የዕቃ መሸጫ ቻናሎች ላይ ለጠፍኩ። ዋጋውን ያወጣሁት እኔ በገዛሁበት ነው፤ ያውም በዛሬው የዶላር ምንዛሬ አስልቼ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ብቻ ተሸጡ። አንድ አባት ደውሎ ዋጋውን ከሰማ በኋላ "ወንድሜ፣ በዚህ ዋጋ እኮ ለልጄ ጫማ ከነካልሲው እገዛለታለሁ" አለኝ። ተናደድኩ። ማታ ሳስበው ግን እውነቱን ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለን የተማርነው ጥናት ትዝ አለኝ። ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ኔትሽ እና ሪቻርድ ቴለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ለግማሾቹ ተማሪዎች ኩባያ ሰጧቸውና "በስንት ትሸጡታላችሁ?" አሏቸው። የቀሩትን ደግሞ "በስንት ትገዙታላችሁ?" ብለው ጠየቁ። ባለ ኩባያዎቹ የጠየቁት ዋጋ ገዢዎቹ ሊከፍሉ ከፈቀዱት ሁለት እጥፍ ያህል ነበር። ኩባያው በእጃቸው ከገባ ገና ጥቂት ደቂቃ ነው! ዕቃ "የእኔ" ከተባለበት ሰዓት ጀምሮ በዓይናችን ዋጋው ይጨምራል። የእኔዎቹ ደግሞ 23 ዓመት በእጄ የቆዩ ናቸው።

ባለቤቴ አንድም ቀን "ጣላቸው" አላለችኝም። "እኔ ዕቃውን አልጠላሁትም፤ የእማማን አልጋ የት እንደምናደርገው ብቻ ንገረኝ" ነበር ያለችኝ። ነገሩ እናቴ ጆሮ ሲደርስ ደግሞ "በእኔ ምክንያት ዕቃህን አትበትን፤ ሳሎን ፍራሽ ዘርግቼ እተኛለሁ" አለች። ያን ስሰማ አፈርኩ። ጉልበቷን የሚያማት እናቴ መሬት ላይ፣ ባትማን መደርደሪያ ላይ!

እናቴ ቤቷን ስታጥፍ

ነሐሴ ላይ ዕቃዋን ላግዛት ደብረ ብርሃን ሄድኩ። 31 ዓመት የኖረችበት ቤት ነው። እንደ ብዙዎቻችን እናቶች ሳሎኗ ውስጥ ትልቅ ቡፌ አለ፤ በቡፌው ውስጥ ለበዓል እንኳ የማይወጡ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። እኔ ልቅሶ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ዱካ ላይ ተቀምጣ በጣቷ እያመለከተች ታከፋፍል ጀመር። "ይሄ ትልቁ ድስት ለዕድሩ፤ የእነሱ ተሸንቁሯል። ምጣዱን ለጎረቤቴ፤ ሁልጊዜ እየተዋሰች ነው የምትጋግረው። ብርጭቆዎቹን ለልጇ፤ በጥር ታገባለች።"

"አያሳዝንሽም እማዬ?" አልኳት።

"የት እንዳለ አውቀው የለ እንዴ? የሚያሳዝነው የጠፋ ዕቃ ነው" አለችኝ።

ይዛ የመጣችው ረከቦቷን ከስድስት ሲኒ ጋር፣ ሁለት ጋቢዎች፣ ልብሶቿንና የአባቴን ፎቶ ነው። እያንዳንዱ ለምን እንደመጣ ብትጠይቋት መልስ አላት።

ስብስብ ወይስ ክምችት?

አዲስ አበባ ስመለስ መደርደሪያዎቹን ባዶ አድርጌ የቀሩትን በሙሉ መሬት ላይ ዘረጋኋቸው። አንድ በአንድ እያነሳሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁ፦ ይሄ ከየት መጣ? ማን ሰጠኝ? የት ገዛሁት? ለምን?

ውጤቱ አስደነገጠኝ። ታሪካቸውን መናገር የቻልኩት የ63ቱን ብቻ ነው። አንዱን አሻንጉሊት ሦስት ጊዜ ገዝቼው ሁለቱ ማሸጊያቸው እንኳ አልተከፈተም። በሥራ ቦታዬ በመጋዘን ተቀምጦ ማንም የማያስታውሰውን ዕቃ "ክምችት" እንለዋለን። ለካ እኔም ቤት የነበረው 63 ስብስብና 277 ክምችት ነው።

63ቱን አስቀረሁ። ሰባት ደግሞ ታሪክ ባይኖራቸውም ስለሚያምሩ ብቻ ጨመርኩና 70 ሆኑ። ማሸጊያቸው ያልተከፈተ 24ቱን፣ ቀደም ብለው የተሸጡትን ሁለቱን ጨምሮ፣ ዋጋ ቀንሼ ለሌሎች ሰብሳቢዎች ሸጥኩ፤ ገንዘቡ የእናቴን ፍራሽ ገዛ፣ ለአልጋው ግን አልበቃም። 40ው የልጄ ሆኑ። 180ውን እንደ እናቴ በሰው በሰው አደረግኋቸው፤ ሥዕል ለሚወደው ለባልደረባዬ ልጅ፣ ለግቢያችን ጥበቃ ልጆች፣ ተረት ስትነግር ለምትጠቀምባቸው የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት። የተሰበሩትና ፕላስቲካቸው የተበላሸው 26ቱ ተጣሉ። ቆራሌው የብረት መደርደሪያዎቹን ደስ ብሎት ወሰደ፤ የተሰበሩትን ጀግኖች ግን አገላብጦ አይቶ "ይሄ ምን ይሠራል?" ብሎ መለሰልኝ።

ስህተትም ሠርቻለሁ። ልጄ "አቶ ጎመን" እያለች የምትጫወትበትን አንድ አረንጓዴ ፍጡር ሳልጠይቃት ከሚሰጡት ጋር አደረግኩት። ማታ ፈልጋ ስታጣው ያለቀሰችው ለቅሶ እስከ ጎረቤት ተሰማ። ደግነቱ ካርቶኑ ገና ከቤት አልወጣም ነበር። 40ዎቹን የመረጠችው ከዚያ በኋላ ራሷ ናት። ከሸጥኳቸውም አንዱ እስካሁን ይቆጨኛል፤ የትኛው እንደሆነ ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

እናንተስ ቤት?

የእናንተ ስብስብ አሻንጉሊት ላይሆን ይችላል። ጫማ፣ መጽሐፍ፣ ሲኒ፣ ትንንሽ መኪናዎችም ሊሆን ይችላል። ከእኔ ልምድ የሚጠቅማችሁ ይኖር ይሆናል።

• መጀመሪያ ቁጠሩ። እኔ ከመቁጠሬ በፊት "200 ቢሆን ነው" እል ነበር።

• ከቁጥር በፊት ቦታ ወስኑ። "ስንት ላስቀር?" ከማለት "አንድ መደርደሪያ አለኝ፤ ምን ይገባዋል?" ማለት ይቀላል።

• ያመነታችሁበትን ወዲያው አትስጡ። ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ቀን ጻፉበት። በሦስት ወር ውስጥ ካልፈለጋችሁት መልሱን አገኛችሁ።

• ዋጋ ስታወጡ የተሸጠበትን እንጂ የተጠየቀበትን አትዩ። መጠየቅ ማንም ይጠይቃል። የከፈላችሁት ገንዘብ ደግሞ ዕቃውን ብታስቀምጡትም አይመለስም።

• የልጅ ከሆነ ልጁን ጠይቁ። ለሌላ ሕፃን ስትሰጡም ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ትንንሽ ተነቃይ ክፍል ያለው አሻንጉሊት አይሰጥም፤ ሊያንቀው ይችላል።

• ያስቀራችሁትን ተንከባከቡ። ፀሐይ የፕላስቲክን ቀለም ያደበዝዛል፣ ነጩን ቢጫ ያደርገዋል። ለስላሳ ፕላስቲክ ሙቀት ባለበት ታፍኖ ሲቆይ ላዩ ይጣበቃል። አቧራውን ለብ ባለ ውኃና በትንሽ ሳሙና ማጠብ ይበቃል፤ ወረቀት የተለጠፈበትን ክፍል ግን አታርጥቡ።

• ከባድ ከሆነ ዝም አትበሉ። ዕቃ ሰብሳቢ ሁሉ ችግር አለበት ማለት አይደለም። ነገር ግን አንዲት ብጣሽ ወረቀት መጣል የሚያስጨንቅ፣ መኝታና ማዕድ ቤት መጠቀም እስኪያቅት ዕቃ የሚከመርበት ሁኔታ ሌላ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ መዝግቦታል። የሚያስፈልገው ቁጣ ሳይሆን ባለሙያ ነው።

እናቴ መስከረም ላይ መጣች። ክፍሏ አልጋ፣ ትንሽ ቁም ሳጥንና መስኮቷ ሥር አንድ ወንበር አላት። 70ዎቹ ጀግኖች ሳሎን ወጥተዋል፤ ባለቤቴ የቡፌዋን አንድ ጎን ለቀቀችልኝ።

በቀደም ከሥራ ስገባ እናቴና ልጄ ቡፌው ፊት ተቀምጠዋል። እናቴ አንድ እጅ የሌለውን፣ ቀለሙ የለቀቀውን ስፓይደርማን ይዛ፣ አክስቴ ከሻንጣዋ ስታወጣው እንዴት እንደዘለልኩ፣ እጁ የተሰበረ ዕለት ደግሞ እራት አልበላም ብዬ እንዴት እንዳስቸገርኳት ትተርክላታለች። ልጄ አፏን ከፍታ ትሰማለች።

ያ ስፓይደርማን ስድስት ዓመት ሙሉ በዚሁ ቤት ውስጥ ነበር። ከ340ው መሀል ሆኖ ግን ማንም አላየውም።